ሻንጣውን የተሸከመው ሰው ቅጣት ሲወሰንበት ፍርድ ቤት ምኑን ይመዝናል?

የሰንጋ ተራዋ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሕግ የምታውቁ ሰዎች በዚህ መድረክ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

ጉዳዩ የወንድሜ ልጅ ነው። አባቷ ካረፈ ጀምሮ እኔ ዘንድ አደገች፤ አሁን 24 ዓመቷ ነው። ካዛንቺስ በአንድ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበረች። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ምግብ ቤቱም አብሮ ተነሣ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የዕቁብ ዕጣ ወጥቶላት ገንዘቡን ለእናቷ ቤት ኪራይና ለታናሽ ወንድሟ ትምህርት ከፍላዋለች። ዕጣውን የበላ ሰው ደግሞ እስከ መጨረሻው በየሳምንቱ መጣል አለበት። ዋሷ እኔ ነኝ። እኔም አልነበረኝም።

አንድ ሰው መጣና ዱባይ ሥራ አገኝልሻለሁ አላት። ትኬቱን ቆረጠላት፤ የዕቁቡንም ዕዳ እዘጋልሻለሁ አለ። በምላሹ አንድ ሻንጣ ለወንድሙ እንድታደርስለት ጠየቃት፤ ቅመምና የሐበሻ ልብስ ነው ብሏት። ቦሌ ላይ ሻንጣው ሲፈተሽ ድርብ ወለል ተሠርቶለት ከሥሩ ስድስት ኪሎ ካናቢስ ተገኘ።

ባለፈው ሐሙስ ልደታ የሚያስችለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ጥፋተኛ አላት። የቅጣት አስተያየት ለመስማት የተቀጠረው የፊታችን ሰኞ ነው። ጎረቤቶቼ ‹‹አልቅሱና ምሕረት ጠይቁ›› ይሉኛል። ማልቀሱን አልቅሼ ጨርሻለሁ። ዳኛው ፊት የሚጠቅማት ምንድን ነው?


የልደታ ጠበቃ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡05

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታዎት። ለብዙ ዓመታት በወንጀል ችሎት ስለቆምኩ የማውቀውን ልንገርዎት። መዝገቡን ግን አላየሁትምና የምጽፈውን ከተከላካይ ጠበቃዋ ጋር ያመሳክሩት።

ሰኞ ዕለት ስለ ንጽሕናዋ መከራከር አይቻልም። ያ ክርክር በፍርዱ ተዘግቷል፤ የሚከፈተው በይግባኝ ብቻ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስለ ቅጣት እንዲናገር ዕድል የተሰጠው ሰው ‹‹እኔ ምንም አላውቅም›› ብሎ ከጀመረ፣ ዳኛው የሚጽፈው ነገር አያገኝም። ማቅለያ የሚሆን ቃል አልተነገረውምና።

ስለዚህ የፍርዱን ግልባጭ ዛሬ ነገ ሳይሉ ያውጡና ጥፋተኛ ያላት እንዴት እንደሆነ ያንብቡ። ካናቢስ መሆኑን በእርግጥ ታውቅ ነበር ነው የሚለው? ወይስ መጥፎ ነገር ሊኖርበት እንደሚችል እየጠረጠረች የመጣው ይምጣ ብላ ተሸከመች? በአንቀጽ 58 ሁለቱም አስቦ ማድረግ ይባላሉ። ጥፋተኛ ለማለት ልዩነት የላቸውም። ቅጣት ሲለካ ግን በሁለቱ መካከል ሰፊ መንገድ አለ፤ ጠበቃዋ መቆም ያለበትም በዚያ መንገድ ላይ ነው።

አንቀጽ 525 ራሱ ምን እንደሚል ይወቁ። የሚያመርተውን፣ ከአገር የሚያስወጣውን፣ የሚያዘዋውረውን፣ የሚያከማቸውን፣ ለሽያጭ የሚያቀርበውን በአንድ ረድፍ ያሰልፍና ከአምስት ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ይደነግጋል። ሻንጣውን ያሸከማት ሰውና እርሷ በዚህ አንቀጽ ፊት እኩል ናቸው ማለት ነው። ለዓመታት የሚያሳዝነኝ ነገር ይህ ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት አንቀጽ 82 እና አንቀጽ 88 ናቸው። አንቀጽ 88 ቅጣት በእያንዳንዱ ሰው የጥፋተኝነት ደረጃ እንዲለካ ያዝዛል፤ ያለፈ ሕይወቱን፣ የተነሣሣበትን ምክንያት፣ የግል ኑሮውንና የትምህርት ደረጃውን አይቶ። አንቀጽ 82 ደግሞ ጠቅላላ ማቅለያዎችን ይዘረዝራል። መልካም ጠባይ የነበረው ሰው ባለማወቅ ወይም በየዋህነት ያጠፋ እንደሆነ አንዱ ነው፤ በከባድ የኑሮ ወይም የመንፈስ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ፣ ወይም ሊታዘዘው ግድ በሆነበት ሰው ተጽዕኖ ያጠፋ እንደሆነ ሌላው ነው፤ ከጥፋቱ በኋላ እውነተኛ ጸጸት በተግባር ያሳየ እንደሆነም እንዲሁ። የክሱን ፍሬ ነገር በሙሉ አምኖ መቀበልም በዚሁ ጸጸት ውስጥ ይቆጠራል። ልጅቷ ክዳ ስለተከራከረች ይህ የመጨረሻው አምልጧታል። መካዷ ግን ማክበጃ አይሆንባትም፤ መብቷ ነው።

ዳኛው እነዚህን ነገሮች እንደ ልቡ አይመዝንም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያወጣው የተሻሻለው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 አለ። በእርሱ መሠረት መነሻ ቅጣት ይያዛል፤ ከዚያ ማክበጃና ማቅለያ እየተቆጠረ በሰንጠረዡ ላይ በእርከን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይኬዳል። የሚቆጠረው ማስረጃ ያለው ነገር ነው። ዕንባ እርከን የለውም።


የአራት ኪሎ አባት፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡40

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሌላውንም ወገን የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። የበኩር ልጄ በዚህ መርዝ ምክንያት ትምህርቱን ትቶ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝቷል። እናቱ ሌሊት ተነሥታ መተንፈሱን ትሰማለች። ለእርሱ የደረሰው ነገር አንድ ቀን በአንድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ነበር።

ድህነት ማቅለያ ከሆነ በዚህ ከተማ ማን ሊቀጣ ነው? ካዛንቺስ ሲነሣ ሥራ ያጣ ብዙ ሰው አለ። ሁሉም ሻንጣ አልተሸከመም። አንዱ ጀበና ይዞ መንገድ ዳር ቁጭ አለ፤ አንዱ ወደ ዘመድ ሄደ። እኅቴ፣ እርስዎን ላስከፋ አልፈለግሁም። ልጄን ሳይ ግን ይህ ቃል በአፌ ውስጥ አልቀር አለኝ።


ተርጓሚው፣ ረቡዕ ከቀኑ 7፡15

ጋሼ፣ ያሉት ከባድ እውነት ነው። እኔ ለንደን ለረጅም ጊዜ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ሠርቼ አሁን ወደዚሁ ወደ ሜክሲኮ አካባቢ ተመልሻለሁ። እርስዎ ያነሡት ጥያቄ እዚያም ለሠላሳ ዓመት ሲያከራክር የኖረ ነው።

የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ ቅጣቱን ከሞላ ጎደል በክብደት ነበር የሚለኩት። አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ ንጹሕ ሄሮይን ወይም ኮኬይን የያዘ ሰው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ይጠብቀዋል። አሻግሮ የላከው ነጋዴም፣ ሆዷ ውስጥ ውጣ የመጣችው ሴትም በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ። እንዲያውም ተሸካሚው የሚከፋበት ጊዜ ነበር፤ ሙሉው ኪሎ የሚገኘው እርሱ ዘንድ ነውና። በየካቲት ወር 2012 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ መመሪያ ይህን ቀየረው። ከክብደቱ ጎን የሰውዬው ድርሻ ይጠየቃል፤ መሪ ነበር፣ ጉልህ ድርሻ ነበረው፣ ወይስ አነስተኛ? በዚያው በአምስት ኪሎ ደረጃ ለመሪው መነሻው 14 ዓመት ሲሆን፣ አነስተኛ ድርሻ ለነበረው 8 ዓመት ሆነ፤ እስከ 6 ሊወርድ ይችላል። አንድ ኪሎ አካባቢ ከሆነ ለአነስተኛው መነሻው 6 ዓመት ነው። ቀላል ቅጣት አይደለም፤ ጋሼ እንዳሉት የተጎዳ ሰው አለና።

ድርሻ የሚታወቀው በትልልቅ ቃላት አይደለም። እየተረጎምኩ ስቀመጥ የምሰማቸው ጥያቄዎች ሁልጊዜ ትንንሽ ነበሩ። ትኬቱን ማን ገዛ? በማን ስልክ? ሆቴሉን ማን ያዘ? የሚቀበልሽን ሰው ስም ታውቂዋለሽ? ስንት ተባለልሽ፣ ስንትስ በእጅሽ ገባ? ሻንጣውን የሞላው ማን ነው፣ አንቺስ ልብስሽን መቼ ጨመርሽበት? አንዲት ሴት የምትሄድበትን ከተማ ስም ከትኬቱ ላይ ማንበብ አቅቷት ዳኛው ዝም ብለው ለረጅም ጊዜ ሲያዩዋት አስታውሳለሁ። በዚያ ጉዳይ ከጠበቃው ንግግር ሁሉ የበለጠ የሠራው ያ ዝምታ ይመስለኛል።

ሌላም የማልረሳው አለ። በእነርሱ አቆጣጠር እስከ ሰኔ 2014 ድረስ እንግሊዝ ውስጥ ጫት ክልክል አልነበረም፤ በዚያ ወር 24ኛ ቀን ግን ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ያንኑ ጫት የያዘች ሴት ወንጀለኛ ሆነች። የእኛ ሰው ‹‹እኮ ጫት ነው›› ሲል ሰው የሚያፌዝ ይመስለዋል። እውነቱን ነው የሚናገረው። ቢሆንም ሕጉን አለማወቅ ነጻ አያወጣውም፤ ቢበዛ ቅጣቱን ያቀልለታል።


የሰንጋ ተራዋ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 2፡50

ጋሼ፣ አልተከፋሁም። ልጅዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ።

የፍርዱን ግልባጭ ዛሬ አገኘሁ። ‹‹ከሥራው ቅለት ጋር የማይመጣጠን ገንዘብ ቃል የተገባላት በመሆኑና ሻንጣው ባዶውን ሲመዘን ከተለመደው የከበደ በመሆኑ ልትጠረጥር ይገባት ነበር፤ ጠርጥራም ቸል ብላለች›› ይላል። ጠበቃው እንዳሉት ሁለተኛው ዓይነት ነው ማለት ነው። ለጥያቄዎቹ መልስ ይሆን እንደሆነ፦ ትኬቱን የገዛው ሰውዬው ነው። የተቀባዩን ስም አታውቅም፤ ‹‹ስትደርሺ ይደውልልሻል›› ነው የተባለችው። በእጇ የገባው የአራት ሳምንት የዕቁብ ገንዘብ ብቻ ነው፤ እርሱም እዚያው ዕለት ለዕቁቡ ገብቷል።

የዕቁቡ ደብተር አለኝ። ያቋረጠችበት ሳምንትና ገንዘቡ የገባበት ቀን ተጽፏል። ይህን ላቅርብ?


የልደታ ጠበቃ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 4፡30

በዚህ ደብተር ላይ ቆም ብለን እናስብ። በሁለት በኩል የሚቆርጥ ማስረጃ ነውና።

ዐቃቤ ሕግ ሲያየው ‹‹ለገንዘብ ብላ ነው›› ይላል። አንቀጽ 84 ስግብግብነትን የመሰለ መጥፎ መነሻ ማክበጃ እንደሚሆን ይደነግጋል። ደብተሩ ደግሞ ገንዘብ መቀበሏን በቀንና በብር ይመሰክራል። ያለ ማብራሪያ ከቀረበ ራሳችሁ ገመዱን አቀበላችሁ ማለት ነው።

ከማብራሪያ ጋር ሲቀርብ ግን ሌላ መልክ አለው። በመጀመሪያ ዕዳው ከሰውዬው መምጣት በፊት የነበረ መሆኑን ያሳያል። ሁለተኛ፣ የተቀበለችው ገንዘብ ወደ ጌጥ ወይም ወደ ልብስ ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ዕዳው መግባቱን ያሳያል። ሦስተኛውን ነገር እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያውቁት፤ ዕቁብ ካቋረጠች የሚጠየቀው ዋሱ ነው፣ ዋሷም ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ይህች ልጅ ሀብት ፍለጋ አይደለም የሄደችው፤ አክስቷን ከኀፍረት ልታድን ነው። አንቀጽ 82 ስለ ከባድ የኑሮና የመንፈስ ጭንቀት የሚለው ይህንን ነው። ጋሼ ‹‹ድህነት ማቅለያ ከሆነ›› ብለው ለጠየቁት የእኔ መልስም ይኸው ነው፤ ድህነት በጠቅላላው ማቅለያ አይደለም። በዚህ ሳምንት፣ ይህንን ያህል ዕዳ፣ በዚህች ሴት ላይ የሚል የተረጋገጠ ጭንቀት ግን ማቅለያ ነው። ፍርድ ቤቱ ከተቀበለው በአንቀጽ 179 በተፈቀደው ወሰን ቅጣቱን ይቀንሳል።

ስለዚህ ደብተሩ ብቻውን አይሂድ። የዕቁቡ ዳኛ ቀርበው ያስረዱ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 ዐቃቤ ሕግ ስለ ቅጣት ከተናገረ በኋላ ተከሳሹ መልስ እንዲሰጥና ስለ ጠባዩ ምስክር እንዲጠራ ይፈቅድለታል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ስለማያውቅ ወረቀት ብቻ ይዞ ይመጣል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ያሠሯት ሰው ከተገኙም ይምጡ፤ ስንት ዓመት እንደሠራች፣ ሒሳብ በእጇ ጎድሎ እንደሆነ ይናገሩ። ከዕድራችሁም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያስጽፉ። የቀድሞ የወንጀል ሪከርድ እንደሌለባት ደግሞ ጠበቃዋ በግልጽ ያንሣ፤ ዐቃቤ ሕግ አለባት የሚል ከሆነ የማስረዳቱ ሸክም የእርሱ ነው።


የሕግ ተማሪ፣ ስድስት ኪሎ፣ ሐሙስ ከቀኑ 6፡10

ለማነጻጸር ያህል ልጨምር። በሲንጋፖር ሕግ ከ500 ግራም በላይ ካናቢስ ወይም ከ15 ግራም በላይ ሄሮይን ያዘዋወረ ሰው ቅጣቱ ሞት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2013 ወዲህ ዳኛው ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራትና ግርፋት መለወጥ የሚችልበት በር ተከፍቷል። በዚያ በር ለማለፍ ግን ተከሳሹ ሥራው ማመላለስ ብቻ እንደነበረ ማስረዳት አለበት፤ በዚያ ላይ የአዘዋዋሪዎቹን መረብ ለመበጣጠስ ተጨባጭ እገዛ ማድረጉን ዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግም አምስት ኪሎ ኮኬይን ያስገባ ሰው ከአሥር ዓመት በታች አይቀጣም። በዚያው አቆጣጠር ከ1994 ጀምሮ ግን የሚያውቀውን ሁሉ በእውነት ለተናገረና ሌሎች መመዘኛዎችን ላሟላ ሰው ዳኛው ከዚያ ወለል በታች መውረድ ይችላል፤ በ2018 የወጣ ሕግም መመዘኛውን አሰፋው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የሲንጋፖሩ በር ነው። በአሜሪካ የምታውቀው ትንሽ ቢሆንም በእውነት መናገርህ ይበቃል። በሲንጋፖር ግን የተናገርኸው ፍሬ ማፍራት አለበት። ተሸካሚ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሚያሸክሙት ሰዎች ሆን ብለው ነው ምንም የማይነግሩት። ስለዚህ የሚሸጥ መረጃ ያለው አለቃው ይድናል፤ ምንም የማያውቀው ተላላኪ የሚያቀርበው ነገር አጥቶ ይቀራል። የእኛ ሕግ ጸጸትን በብዙ መልክ እንዲታይ መተዉ ከዚህ አንጻር ሲታይ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።


ስንቅ አመላላሽ፣ ሐሙስ ከምሽቱ 1፡35

ልጄ፣ ትምህርትህ ይባረክ፤ ነገር ግን ለዚህች ሴት ዛሬ ስለ ሲንጋፖር ሞት አትንገራት። ሌሊቱን እንዴት እንደምታነጋው እኔ ነኝ የማውቀው። ወንድሜ አምስት ዓመት ሲታሰር ስንቅ ያመላለስኩት እኔ ነበርኩ።

እኅቴ፣ ሁለት ነገር ብቻ። እስካሁን በእስር የቆየችበት ጊዜ ከቅጣቱ ይታሰብላታል፤ ቀኑን ቆጥራችሁ ጻፉትና ጠበቃው በችሎት ያስመዝግበው። ጠባይዋን ጠብቃ ከታረመች ደግሞ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ስትጨርስ በአመክሮ መውጣት አለ። ወንድሜ የወጣው እንደዚያ ነው።


የሰንጋ ተራዋ፣ ዓርብ ከምሽቱ 3፡00

ዛሬ ሄጄ አየኋት። ስለ ሰውዬው የምታውቀውን ለፖሊስ ሁሉንም አልተናገረችም። የሚገናኙበትን ቤት ታውቀዋለች፤ የሌላም ልጅ ሻንጣ እዚያ አይታለች። ያልተናገረችው ሰውዬው የእኔን ቤት ስለሚያውቅ ነው። ‹‹አክስቴ ላይ እንዳይመጣ ብዬ ነው›› አለችኝ። እኔ ደግሞ ለእርሷ ስፈራ ነበር የከረምኩት።


የልደታ ጠበቃ፣ ዓርብ ከምሽቱ 3፡25

ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ መድረክ ላይ ከዚህ በላይ አይጻፉ። የጻፉትንም ቢያጠፉት ይሻላል። ነገ ማለዳ ለተከላካይ ጠበቃዋ በአካል ይንገሩ፤ እርሱ ለዐቃቤ ሕግ የሚያቀርብበትን መንገድ ያውቃል። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለእንደዚህ ዓይነት ፍርሃት የወጣ ሕግ ነው፤ ቤተሰብንም ይመለከታል። ከፍርድ በኋላ የተነገረ ቢሆንም ለጸጸት ማስረጃ ይሆናል። ለምን እንደዘገየች በግልጽ ይነገር፤ ምክንያቷ የሚያሳፍር አይደለም።


የአራት ኪሎ አባት፣ ዓርብ ከምሽቱ 5፡10

የሌላም ልጅ ሻንጣ አይታለች ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ቅጣት መኖር አለበት የሚለውን ቃሌን አላጠፍኩም። ነገር ግን ያ ሰው ዛሬም ሻንጣ እየሞላ ከሆነ፣ በእርሷ ላይ የሚጨመረው ዓመት ለልጄ ምንም አይፈይደውም። ትናገር። እርስዎ ብቻዎን እንዳይሆኑ ሰኞ ልደታ መጥቼ አጠገብዎ ብቀመጥ ይፈቅዱልኛል?


የሰንጋ ተራዋ፣ ሰኞ ከምሽቱ 1፡45

ለሁላችሁም የሆነውን ልንገራችሁ።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። የዕቁቡ ዳኛ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ቀድመውኝ ነበር። ጋሼም መጡ፤ ከዚያ በፊት ተያይተን ባናውቅም ከመተላለፊያው ጫፍ ለየሁዋቸው።

ዐቃቤ ሕግ እንደተባለው ገንዘቡን አነሣ፤ ስግብግብነት ነው፣ ይክበድ አለ። ጠበቃዋ ደብተሩን ሰጠና ምስክሩን ጠራ። ዳኛዋ የዕቁቡን ዳኛ ‹‹ባትከፍል ምን ያደርጓት ነበር?›› ብለው ጠየቋቸው። ‹‹እርሷን ምንም አላደርጋትም፤ የምሄደው ዋሷ ቤት ነበር›› አሉ። ዳኛዋ ይህንን ሲጽፉ አየሁ። የቀድሞ አሠሪዋ ሦስት ዓመት ሒሳብ ስትይዝ አንድ ብር እንዳልጎደለ መሰከሩ። ሌላውን ነገር ጠበቃዋ በታሸገ ፖስታ አቀረበ፤ ዐቃቤ ሕጉም ተመለከተውና አልተቃወመም። የታሰረችበትም ቀን ተመዘገበ።

ሰውዬው ሊታዘዙት ግድ የሆነ ሰው ነበር የሚለውን ግን ዳኛዋ ብዙም የተቀበሉት አልመሰለኝም፤ ‹‹የት ያውቃት ነበርና?›› ብለው ጠየቁ፤ ጠበቃውም በቂ መልስ አልነበረውም።

ውሳኔው ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጥሯል። ልጅቷን ሲያወጧት በአጠገቤ አለፈች። ‹‹የዕቁቡ ስንት ሳምንት ቀረ?›› አለችኝ። አሥራ አንድ አልኳት።